ሙሽራዋን ያሰከረች አዋላጅ

ሲስተር ወለላ ጫካው መሃል ቆማ ጮኸች። ጎርደን እባብ የነደፋት መስሎት ቆንጨራውን ይዞ እየሮጠ ሲደርስ፣ ሴትዮዋ በአንድ እግሯ እየዘለለች ነበር።

«አበበች! ጎርደን፣ አበበች!»

ጎርደን ሐረጉ ላይ የተከፈተችውን አበባ አየ፤ ወለላን አየ፤ ከዚያ ቆንጨራውን ወርውሮ እሱም ይዘል ጀመር። አይፈረድባቸውም። ስንት ዓመት ሙሉ የጎግ ወረዳ ሰው «የሲስተር ገመድ እንዴት ነው?» እያለ ሲስቅባቸው ኖሯል። አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ስለ ቫኒላ አሠልጥኖ፣ ቁራጭ ሐረግ አስጨብጦ ሄደ። ሌላው ሰው ቁራጩን ለፍየል ሰጠ። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ወለላና የአገሬው ልጅ ጎርደን ግን ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተክለው፣ የደረቀ ቅጠል እያለበሱ እንደ ልጅ አሳደጉት።

ጣጣው የጎርደን አጎት ናቸው። ጫካው የቤተሰብ ነው፤ በቤተሰቡ ደግሞ የመጨረሻው ቃል የአቶ ፒተር ነው። «እኔ ጥላ አልበላም» ብለዋል ቁርጡን። «ዝናብ ሲመጣ ይሄ ነገር ባዶ ከሆነ፣ ዛፍ ይቆረጣል፣ በቆሎ ይዘራል።» ዝናቡ ደግሞ ደጅ ላይ ነበር። አንድ ፍሬ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ ብትይዝ ዛፎቹ ይተርፋሉ።

የቫኒላ አበባ ግን ጠባይዋ አያድርስ ነው። ጠዋት ትከፈታለች፣ ፀሐይ ስትበረታ ትጠወልጋለች፤ በቃ፣ ዕድሜዋ ይኸው ነው። ወንዱም ሴቷም እዚያችው አበባ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በመሃላቸው ስስ መጋረጃ አለ። በትውልድ አገሯ የምታጋባት ንብ አለች ይባላል፤ ጎግ ድረስ ግን አብራት አልመጣችም። ስለዚህ ሰው በስንጥር መጋረጃውን ገልጦ ሁለቱን ማገናኘት አለበት። ከተሳካ አበባዋ ደርቃም ቢሆን ከሐረጉ ላይ ትቆያለች፤ ካልተሳካ በማግስቱ ዱብ ትላለች።

ወለላ ይህን ሥራ ለማንም አልሰጠችም። የስንቱን ልጅ የተቀበለች እጅ ለአበባ ታንሳለች እንዴ? ትንፋሿን ውጣ አጋባች። በማግስቱ አበባዋ መሬት ላይ ተገኘች። ሌላዋ ተከፈተች፤ እሷንም አጋባች፤ እሷም ወደቀች። ሐረጉ ያወጣው አንድ ዘለላ ብቻ ነበርና፣ በየጠዋቱ አንዷ እየተከፈተች አንዷ ስትረግፍ፣ በመጨረሻ አንዲት እንቡጥ ቀረች።

ያን ዕለት ወለላ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ፈሪዳ ሱቅ ገባችና ስኳር ኬሻው ላይ ዘጭ አለች። ፈሪዳ ጓደኛዋ ናት፤ ሱቋ ውስጥ ትነግዳለች፣ ሰርግ ሲኖር ደግሞ ለሙሽሮች ሒና ትስላለች።

«ፈሪዳዬ፣ ዛፎቹ ሊቆረጡ ነው» ብላ ተንሰቀሰቀች።

«ደግሞ ለአበባ! ነገ ከአንቺ ጋር ሄጄ አያታለሁ። ማጋባት እንደሆነ እኔ ሥራዬ ነው።»

ገና ጎሕ ሲቀድ በጎርደን ሞተር ለሦስት ተፈናጠው ጫካው ደረሱ። የመጨረሻዋ እንቡጥ ፍንትው ብላ ተከፍታለች። ወለላ ቦርሳዋን ፈታችና ጓንት አጠለቀች። ከዚያ ጠርሙስ አወጣች፤ ጓንቱን አሸችበት፣ ስንጥሩንም ዘፈቀችው።

«ቆይ ቆይ! ምንድን ነው እሱ?» አለች ፈሪዳ።

«አልኮል ነዋ።»

«በየቀኑ እንዲህ ነው የምታደርጊው?»

«ታዲያ በቆሻሻ እጅ ላዋልዳት?»

ፈሪዳ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ሳቋ ዝንጀሮዎቹን ከዛፍ ዛፍ አዘለላቸው። «ወይኔ ወለላ! ሙሽሮቹን ሁሉ በሰርጋቸው ቀን አስክረሽ ነዋ የዳርሻቸው! ጀርም የሚፈጅ ነገር የአበባ ዱቄት ይምራል?»

ወለላ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው። ጎርደን የትንኝ ቅባት ተቀብቶ ወደ ሐረጉ ሲጠጋ «ኦርጋኒክ ነው እኮ! ኬሚካል አይጠጋውም!» ብላ በጫማ ያባረረችው ይህችው ሴትዮ ናት። አልኮልን ግን ከኬሚካል ቆጥራው አታውቅም፤ አልኮል ለእሷ ንጽሕና ነው። በንዴትና በሳቅ መሃል ሆና ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀችው።

«በይ ውጪ» አለች ፈሪዳ።

«ማን? እኔ?»

«አንቺ! እጅሽም ጋውንሽም ክሊኒክ ክሊኒክ ይላል። ወዲያ ሂጂልኝ።»

እንግዲህ ስንቱን ባል ከማዋለጃ ክፍል ገፍታ ያስወጣች ሴት፣ አሁን ከአንድ ግንድ ጀርባ ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። ፈሪዳ ደረቅ እሾህ ሰብራ፣ ለሙሽራ ጣት እንደምትስል ሁሉ ጎንበስ አለች።

«መጋረጃውን ገለጥሽው?» አለች ወለላ ከሩቅ።

«ዝም በይ!»

«ቀስ ብለሽ ጫን!»

«አንዲት ቃል ብትጨምሪ እሾሁ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው!»

«ሲስተር፣ አይዞሽ፣ ቁጭ በይ» አላት ጎርደን። ሚስቱ ስትወልድ ወለላ ያለችውን ቃል በቃል መለሰላት። ያን ጊዜ የፈሪዳ እልልታ ጫካውን ሞላው።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ወለላና ጎርደን ሲደርሱ፣ አቶ ፒተር መጥረቢያ የያዙ ወጣቶች አስከትለው ከዛፎቹ ሥር ቆመዋል። ወለላ ሰላምታም ሳትሰጥ በመሃላቸው ሰንጥቃ ወደ ሐረጉ ሮጠች። አበባዋ ጠውልጋ፣ ጭምትርትር ብላ ተንጠልጥላለች። ወለላ በባዶ ጣቷ ነካ አደረገቻት። አልወደቀችም። ደግማ ነካቻት። አሁንም አልወደቀችም።

አቶ ፒተር ጠጋ ብለው አዩ። «ይሄ የሞተ ነው» አሉ።

ወለላ ቀና አለች። ድምፅዋ ለአባቶች የምሥራች የምትነግርበት የዘወትር ድምፅዋ ነበር። «አልሞተችም፣ አባባ። ፀንሳለች። ፍሬዋ እስኪደርስ ዘጠኝ ወር ነው።»

«ስንት?»

«ዘጠኝ ወር።»

«እንደ ሰው?»

«እንደ ሰው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ያችን የጠወለገች ነገር ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ወደ ወጣቶቹ ዞረው በአኙዋክ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ መጥረቢያዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

«ምን አሉ?» አለች ወለላ የጎርደንን ክንድ ጨብጣ።

«እርጉዝ ሴት ያለችበት ቤት አይፈርስም አሉ» አላት ጎርደን፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ዝናቡ ጣል ጣል ማለት ጀመረ። ወለላ እንደገና በአንድ እግሯ ትዘል ጀመር፤ መጥረቢያ የያዙት ወጣቶችም ምኑም ሳይገባቸው አብረዋት ዘለሉ። አቶ ፒተር መንገድ ከጀመሩ በኋላ ቆም ብለው ጣታቸውን ቀሰሩባት። የአልኮሉ ወሬ ለካ ቀድሞ ደርሷቸዋል።

«ስትወልድ ጥሩኝ» አሉ። «አንቺ ግን ያንን ጠርሙስ እቤት ተይው።»