በሦስተኛው ጥሪ አቤት

«ሰርካዲስ፣ ልጅሽ የአባቷን ሞት ለምን ሰው ማስፈሪያ ታደርገዋለች?»

እታገኝ ይህን የጠየቀቻት በጎልማሶች ትምህርት ክፍል፣ አንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የ«ቀ»ን ቤት ሲቆጥሩ ነበር። እታገኝ ክፉ ሴት አይደለችም። ቴፒ ገበያ ዝንጅብልና ኮረሪማ የምትሸጥ፣ የሰማችውን በሆዷ ማሳደር የማትችል ጎረቤት ናት። ሰርካዲስ እርሳሷን ጨብጣ ሰሌዳው ላይ አፈጠጠች። መምህር ይሄይስ በማስመሪያው «ቃ»ን ነካ አድርጎ «እትዬ ሰርካዲስ፣ እስቲ ይህችን» ሲላት፣ «ቆ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን ሳቁንም በቅጡ አልሰማችው።

በነሰርካዲስ ሰፈር፣ ከቡና እርሻው ጥግ ባለው መንደር፣ ልጅ አፉን ሲፈታ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ ከቡናው ዛፍ በኩል ስምህ ቢጠራ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አትበል። በሁለተኛውም ዝም በል። ሰው የሆነ ሦስቴ ይጣራል፤ ሰው ያልሆነው ግን ሁለቴ ጠርቶ ይቆማል። ስለዚህ እናቶች ልጆቻቸውን ለራት ሲጠሩ ሦስት ጊዜ ነው የሚጣሩት። ልጁም ሁለቱን እየሰማ ቆሞ ይጠብቅና በሦስተኛው እየሮጠ ይመጣል። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ይህን ስለማያውቅ፣ «የዚህ ሰፈር ልጆች ጆሮ የላቸውም» እያለ ያማል።

ባሏ ባምላኩ የቡና ማድረቂያው ዘበኛ ነበር። ልጃቸው ትሁት ገና ሦስተኛ ክፍል ሳለች፣ በአንድ የክረምት ምሽት፣ እጁን ታጥቦ ገበታ ቀርቦ ሳለ ከዛፉ በኩል «ባምላኩ!» የሚል ድምፅ መጣ። ደክሞት ይሁን ርቦት፣ ወይም የሚያውቀው ድምፅ መስሎት፣ በአንዴው «አቤት!» ብሎ ተነሣ። ሰርካዲስ «ኧረ ቆይ እንጂ» አለችው። ካፖርቱን ደርቦ ወጣ። በማግስቱ የሞላው ወንዝ ዳር፣ የወደቀ ግንድ ይዞት ተገኘ። ቀብሩ ላይ አገር ምድሩ ተሰብስቦ አለቀሰ። «እኔ ነኝ የጠራሁት» ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ሰርካዲስ እንቅልፏ የወፍ ሆነ። ትሁት ለምሽት ጥናት ስትሄድ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ስትዘገይ ትጣራለች፤ ሦስቴ። ልጅቷ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ጽሑፍ መተየብ ከጀመረች በኋላም እንኳ አልተወችም። የትሁት ጓደኞች «እናትሽ ሬዲዮ ሆነው ሰዓት ይናገራሉ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ትሁት ደንበኛ በሌለ ሰዓት የምትተይበው የራሷን ነው፤ የፊልም ድርሰት። የምትጽፈውም ሁሉ የሚያስፈራ። አንዱን አንሥታ በቪዲዮ ቤት ፊልም ለሚያሳየው ለታምሩ ብታነብለት፣ ጆሮውን አክኮ፣

«ትሁት፣ ሰው ከፍሎ ሊፈራ ይመጣል ነው የምትይኝ?» አላት። «በነጻ የሚያስፈራው ሞልቶለት! አማት አለችው፣ አከራይ አለው፣ አለቃ አለው። የሚያስቅ አምጪ እንጂ።»

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሲኒማ ቤትም በስልክ የመለሰላት ያንኑ ነበር። ተመልካቹ የሚፈልገው ፍቅርና ቀልድ ነው፤ የሚያስፈራ ፊልም ወንበር አይሞላም። ትሁት ስልኩን ዘጋች። ከዚያ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጩን ማቴዎስን ጠርታ፣ «አጭር እንሥራ፤ ማንንም ሳንለምን» አለችው።

በጥቅምት፣ ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቶ ሳለ ሠሩት። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ዘበኛ ከቡናው ውስጥ ስሙ ሲጠራ ይሰማል፤ ሁለቴ ብቻ። የሚጠራውን ነገር ተመልካች ከቶ አያየውም። ዘበኛውን ሆነው የሠሩት የባምላኩ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ጡረተኛው አቶ ወልደጻድቅ ናቸው። ቅርጫት ተሸክመው የሚያልፉ ለቃሚዎች ቆመው ሲያዩአቸው፣ «ምን ታያላችሁ? ዛሬ ሟች ነኝ፤ ነገ ደግሞ አርቲስት» ይሏቸዋል።

ችግሩ ጥሪው ላይ መጣ። ትሁት የተማሪዎችን ድምፅ ሞከረች፤ ሁሉም እንደ ጅብ ሊያስፈራሩ ሲሞክሩ አሳቁ። በመጨረሻ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ አንቺ ጥሪልኝ።»

«የማንን ስም?»

ትሁት አቀረቀረች። ሰርካዲስ ገባት።

«የአባትሽን ስም በምሽት አልጠራም። ያረፈ ሰው ነው፤ ይረፍበት። ደግሞ ይህን ነገር ለምን እንደምትነካኪው አንድ ቀን ንገሪኝ። ሰው ይጠይቀኛል።»

«ብነግርሽ አይገባሽም፤ ብታዪው ግን...»

«በእኔ ስም ትጥራ!» አሉ አቶ ወልደጻድቅ ከአልጋው ጥግ። «እኔ እንደሆንኩ በዚህ ጉልበቴ ማንም ቢጠራኝ የትም አልሄድ።»

ሰርካዲስ ከቡናው ከፍ ብላ ቆመች። ነጠላዋን አጣፋች። ሌላ ድምፅ አልፈጠረችም፤ ያው ልጇን ለራት የምትጠራበት፣ ጫፉ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ነው። «ወልደጻድቅ! ወልደጻድቅ!» ሽማግሌው እውነት ደነገጡ። ከዚያም ሳታስበው ሦስተኛው ወጣ፦ «ወልደጻድቅ!»

«እማዬ! ሁለቴ ነው እኮ! ሦስቴ ከጠራሽ ሰው ሆንሽ፤ ፊልሙ አለቀ።»

እንደገና ሞከሩ፤ ያው ሆነ። ደግመው ሞከሩ፤ ያው። ሰርካዲስ አፏን በነጠላዋ እስክትይዝ ድረስ ታገለች። «ልጄ፣ በሁለት አላቆምም አለኝ። አፌ እምቢ አለ» ብላ እንባዋ መጣ። ማቴዎስ «ተዪያቸው፣ ሦስተኛውን በኮምፒውተር እቆርጠዋለሁ» ብሎ ገላገላቸው።

ፊልሙ አልቆ አራት ወር ያህል የትሁት ፍላሽ ውስጥ ተቀመጠ። ለማን ይሰጣል? ከዚያ አንድ ቀን ትሁት ከሥራ እየሮጠች መጣች። አዲስ አበባ የፊልም ፌስቲቫል አለ፤ የሚያስፈራ ፊልም ለሚሠሩ ጀማሪዎች ብቻ የተለየ ቀን ይዘዋል፤ ልካ ነበር፤ ተቀብለዋታል። ፊልሟ በትልቅ አዳራሽ ይታያል። ከሚመጡት ጸሐፊዎች መካከልም አንድ ሰው ተመርጦ ዓመት ሙሉ እዚያው እየተማረ ረጅም ድርሰቱን ይጽፋል።

ሰርካዲስ ከወሬው ሁሉ የሰማችው «ዓመት ሙሉ» የሚለውን ነው።

«ብቻሽን አትሄጂም» አለች።

«እሺ፣ አብረን እንሂድ።»

«ቢመርጡሽስ?»

ትሁት አጠገቧ ተቀመጠች። «አንቺ ሂጂ ካላልሽ አልሄድም። ከአንቺ ሌላ የለኝም፤ አንቺም ከእኔ ሌላ የለሽም። ቃሌ ነው።»

ቃሉ ሰርካዲስን አላስደሰታትም። ይልቅ ከበዳት። አሁን ልጅቷ ብትቀር ያስቀረቻት እሷ ናት።

በሚዛን በኩል አድርገው፣ ጅማ አድረው፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ገቡ። አዳራሹ በር ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ሰርካዲስ ቆማ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ፌ... ስ... ቲ...» ስትል ከኋላ ያለው ሰው «እናቴ፣ ያሳልፉን» አለና አልፏት ገባ።

ውስጥ የተሰበሰቡት ወጣቶች ሰርካዲስ እንደፈራችው አልነበሩም። ጥፍራቸው የተቆረጠ፣ ዓይን አፋር፣ ሻይ ሲጠጡ ትከሻቸውን የሚሰበስቡ ልጆች ናቸው። ከአዘጋጆቹ አንዷ፣ ትዕግሥት የምትባል ራሷም ድርሰት ጸሐፊ የሆነች ሴት፣ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። ሰርካዲስም የመጣችበትን ጉዳይ አላቆየችም።

«እሜቴ፣ ይህ ነገር ምን ይጠቅማቸዋል? ሰው ለማስፈራራት ይሰበሰባል እንዴ?»

ትዕግሥት አልሳቀችም። «እናቴ፣ እኔ ዐሥር ዓመት ብቻዬን ጻፍኩ። ሲኒማ ቤቱ የለመደውን ነው የሚወስደው። ቤተሰቤ ጠበል ሂጂ ይሉኝ ነበር። እንደ እኔ የሚጽፍ ሌላ ሰው መኖሩን ያወቅሁት እንዲህ ያለ ቦታ ስመጣ ነው። እዚህ አንዱ የአንዱን ድርሰት ያነባል፤ የት ጋ እንደደከመ ይነግረዋል። የፊልም ድምፅ ሥራ የሚያውቀው ለማያውቀው ያበጅለታል። ከሁሉ በላይ ግን ተመልካች አለ። ድርሰት ሰው ፊት ካልታየ፣ ጸሐፊው ልክ ይሁን ስሕተት በምን ያውቃል?»

«የኔ ልጅ ደግሞ የጻፈችው ስለ አባቷ ነው» አለች ሰርካዲስ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። የመረጥነውም ስለዚያ ነው። እውነት የፈራ ሰው ነው የጻፈው።»

መብራቱ ጠፋ። የትሁት ፊልም ተራ ደረሰ። ሰርካዲስ የምታውቀውን ቡና፣ የምታውቀውን አልጋ፣ የአቶ ወልደጻድቅን የተሸበሸበ አንገት እንደ ግድግዳ ገዝፎ አየችው። ከዚያ የራሷ ድምፅ ከአዳራሹ አራት ማእዘን መጣ።

«ወልደጻድቅ!»

ከፊቷ የተቀመጠው ጎረምሳ የጓደኛውን ክንድ ጨበጠ።

«ወልደጻድቅ!»

ከዚያ ዝም። ማቴዎስ የቆረጠው ቦታ ነው። መስኮቱ ተከፈተ፣ ዘበኛው ወደ ውጭ አየ፣ ካፖርቱን አነሣ። ዝምታው ረዘመ። ያ ካፖርት፣ ያ በር። ሰውዬው አይውጣ፤ አንድ ሰው ሦስተኛውን ይጥራለት እንጂ፤ ሰው ነው ይበለው እንጂ። ሰርካዲስ ሳታስበው ጨለማው ውስጥ ብድግ አለች።

«ወልደጻድቅ!»

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። አንዱ ከወንበሩ ወደቀ፤ ሌላው ሻዩን ደፋ፤ ሴት ልጅ «በስመ አብ!» አለች። መብራት ሲበራ ሰርካዲስ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ ትሁትም ወገቧን አቅፋታለች። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ ጭብጨባ። ጭብጨባው ሲረግብ ግን ሰው ሁሉ ሴትዮዋን አይቶ ይህ ነገር ፈጠራ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል።

ሲወጡ አንዲት ጠና ያለች ሴት መጥታ የሰርካዲስን እጅ ያዘች። «ወንድሜ እንዲህ ነው የወጣው» አለቻት። «ማን እንደጠራው ሳናውቅ ቀረን። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።» ሁለቱ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሰርካዲስ የባምላኩን ነገር ከገበታው ጀምራ እስከ ግንዱ ድረስ ነገረቻት። ሴትዮዋ እንደ ሰፈሩ ሰው «እግዜር ያውቃል፤ እርሺው» አላለቻትም። እያንዳንዷን ነገር «ከዚያስ?» እያለች ሰማቻት።

በመዝጊያው ቀን ትዕግሥት መድረክ ላይ ወጣች። ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ ዓመት ሙሉ እንዲማር የተመረጠውን ሰው ልትጠራ ነው፤ የተጠራው ወጥቶ ካልተቀበለ ዕድሉ ለተከታዩ ያልፋል።

«ትሁት ባምላኩ!»

ትሁት አልተነሣችም። እናቷን አየቻት።

«ትሁት ባምላኩ!»

ፊልሙን ያየው ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል፤ ቀልድ መስሎታል። ሰርካዲስ ግን የልጇን እጅ አጥብቃ ይዛ ነበር። አባትየው በአንዴ ሄደ። የጠራውን አላየችውም። ይህችን የምትጠራት ግን ይኸው፣ ፊት ለፊት፣ መብራት ላይ ቆማለች፤ ስም አላት፣ እሷንም ወንበር ስባ አስቀምጣታለች።

ትዕግሥት ወረቀቷን አጠፈችና ለሦስተኛ ጊዜ ጠራች። ቀስ ብላ፣ እንደ እናት።

«ትሁት ባምላኩ!»

ሰርካዲስ እጇን ለቀቀች። «አቤት በይ እንጂ፣ ልጄ» አለቻት። «ሰው ነው።»

ቴፒ ሲመለሱ እታገኝ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ዴስኩ ላይ እየጠበቀቻት ነበር። «እህ፣ ማስፈራሪያው እንዴት ሆነ?» አለቻት።

ሰርካዲስ ደብተሯን ገለጠች። «ያን ቀን ለጠየቅሽኝ» አለች፣ «ብቻዬን እንዳልፈራ ብላ ነው።» እታገኝ ዴስኩ ላይ ጠጋ አለችላት። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አልጠየቀቻትም።

በመስከረም መጨረሻ ትሁት ሻንጣዋን አውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጫነች። ማቴዎስም ካሜራውን አንግቦ አብሯት ተሳፈረ፤ ሰርግ እዚያም አለ ብሎ። አቶ ወልደጻድቅ ዱላቸውን ተደግፈው «ለሁለተኛው ፊልም ሳትገድሉኝ ጥሩኝ» አሏቸው። አውቶቡሱ ወደ ሚዛን መንገድ ታጠፈ። ሁለቱ ሄዱ። አቶ ወልደጻድቅና ሰርካዲስ ቀሩ።