ወርቅዬ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ የሆነች ዕለት

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ልደታ አካባቢ ያለ አንድ የቀበሌ ኪነት ለአብዮት በዓል ቴአትር ሲያዘጋጅ፣ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ሆና የምትጫወት ሴት ጠፋች። መድረክ መውጣቱ ራሱ "አዝማሪ ሆነች" ያሰኛል፤ በዚያ ላይ "ቡዳ" የሚለው ስም ተለጥፎብኝ ቢቀርስ፣ ማን ያገባኛል ብለው ሁሉም ሸሹ። አዘጋጁ ጓድ ፍሰሐ ዞሮ ዞሮ የዚያው ቀበሌ ነዋሪ ወርቅዬ ላይ ወደቀ።

"አንቺ ባለትዳር ነሽ፤ ምን ያስፈራሻል?" አላት።

የሚያስፈራትንማ እሷ ታውቃለች። እናቷ የእውነት ሸክላ ሠሪ ናት። የዳራት ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሱቅ ያለው አጎቷ ስለነበር፣ ባሏ ደጉም ሆነ አማቷ እማማ ጠጅቱ ይህን አያውቁም። ስለ ወላጆቿ በተጠየቀች ቁጥር "አገራቸው ሩቅ ነው" እያለች ታልፋለች። አሁን እምቢ ብትል ደግሞ ለምን መባሉ አይቀርም። እሺ አለች።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ደጉና እናቱ ከፊት ተቀምጠዋል። በቴአትሩ የባላባቱ ሚስት፣ ጣሳዋ እንዳይነካባት ብላ፣ ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ ውኃ ደጅ ላይ በልጅቷ እፍኝ አፈሰሰችላት። በጽሑፉ መሠረት ወርቅዬ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች፤ ከዚያ አንድ ታጋይ ወንድ ገብቶ ስለሷ ይናገራል። ውኃው በጣቶቿ መሃል ሲፈስ ግን እናቷ ድቅን አለችባት። ታጋዩን አልጠበቀችውም።

"ድስቴ ምድጃችሁ ድረስ ይገባል፤ እኔ ግን ከደጃፍ አላልፍም!" አለች። "እናቴ ጭቃ ስትረግጥ ትውላለች። ለእናንተ ቡዳ፣ ለአባቴ የቤት ከብት ናት። ሰው ያላት ማን ነው?"

ታጋዩ መጋረጃው ሥር አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።

ጓድ ፍሰሐ ላቡን እየጠረገ፣ "ከጽሑፉ ወጥተሽ ልታስበይኝ ነበር! ደግነቱ የቀበሌው ሊቀመንበርም አጨብጭበዋል፤ ተርፈናል" አላት።

እሷ ግን ገና አልተረፈችም። እማማ ጠጅቱ ደጉን አስከትለው ከመድረኩ ጀርባ መጡ።

"ያንን ንግግር ማን አስጠናሽ?" አሏት።

መደበቁ ሰለቻት። "ማንም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፣ እማማ።"

ደጉ እናቱን አየ። እማማ ጠጅቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ወላጆችሽ ቤታችንን ያልረገጡት ለዚህ ነው?"

"አዎ።"

"ወይ አንቺ ልጅ! እኔ እኮ ንቀውን የቀሩ መስሎኝ፣ አንጀቴ ሲያር ኖረ! 'ድሆች ናቸው ብለው ነው' እያልኩ ስንቴ አለቀስኩ!" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አልዋሽሽም፣ የኔም እናት ለሸክላ ሠሪዎች እንደዚያው በእፍኛቸው ነበር የምታፈስላቸው። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳየው አፈርኩ። መስቀል ደርሷል፤ አብረን አገርሽ እንወርዳለን።"

ወርቅዬ እያለቀሰች ሳቀች። ወደ ቤት ሲሄዱ ደጉ ክንዷን ያዝ አድርጎ፣ "ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ይዘሽው?" አላት። ከፊት የሚሄዱት እናቱ ለአማቾቻቸው ምን ይዘው እንደሚሄዱ ጮክ ብለው ማውጠንጠን ጀመሩ። ወርቅዬ በረጅሙ ተነፈሰች።