ለዳገት የተሰጠ ጋዝ

በ1999 ዓ.ም.፣ አዲሱ ጤፍ ወደ ጎጃም በረንዳ መግባት በጀመረበት ሳምንት፣ የአቶ ደመቀ የጭነት መኪና ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደውን ዳገት መውጣት አቅቷት ሦስት ጊዜ ቆመች። የሚነዳት የመጨረሻ ልጃቸው ምንይሉ ነበር። በመንገድ ያለፉት ሾፌሮች ሁሉ ወሬውን ቀድመውት መርካቶ አድርሰውታልና፣ ጭነቱን አራግፎ ከበረንዳው ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ሲገባ የተቀበለው ሳቅ ነው።

«ምንይሉ፣ አንተ ነህ የነዳሃት ወይስ ጎትተህ አመጣሃት?» አለው በሪሁን የሚባል ሾፌር።

«በሬ አጥቼ ነው እንጂ ብጠምድላትስ በወደድኩ» አለ ምንይሉ፤ በቀልድ መለሰ እንጂ ፊቱ አልሳቀም።

የጋራዡ ባለቤት ባህረዲን ሃያ ዓመት ናፍጣ ሞተር የፈታ ሰው ነው። የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ፣ ጭሱን አይቶ፣ እጁን ጠረገ። «ሞተሩ ደክሟል። ወርዶ መታደስ አለበት። ወር ይፈልጋል» አለ። አቶ ደመቀ ግን በጤፍ ወራት መኪና አላቆምም አሉ። በዚህ ጊዜ ባህረዲን እውነቱን ተናግሮ ዝም ማለት ሲችል፣ ዝም አላለም። ዱባይ ተራ መለዋወጫ የሚያስመጣ ወዳጁ ያጫወተው አንድ ብልሃት ነበረ፤ ልቡ እርሱን ለመሞከር ሲጓጓ ከርሟል።

ብልሃቱ ይህ ነው። ምግብ የሚበስልበትን ጋዝ ከነሲሊንደሩ ከጋቢናው ጀርባ በብረት አሰረ። ከሲሊንደሩ ቀጭን ቱቦ አውጥቶ ቱርቦው አየር ከሚስብበት አፍ ላይ አስገባ። ቱርቦው አየሩንና ጋዙን ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ ሲገፋ፣ ናፍጣው ከጋዙ ጋር አጥብቆ ይነድዳል፤ የደከመው ሞተርም ለጥቂት ጊዜ ጎልማሳ ይሆናል። መክፈቻዋን ከመሪው ሥር አደረገለት።

«ዳገት ላይ ብቻ ነው የምትከፍታት» አለው። «አናቱ ላይ እንደደረስክ ዝጋ። ሜዳ ላይ ከረሳሃት ፒስተኑን አቅልጣ ሜዳው ላይ ታስቀርሃለች። ሰማህ?»

«ጋሼ፣ የነፍስ አባቴም እንዲህ አጥብቀው አልመከሩኝ።»

በሚቀጥለው ጉዞ መኪናዋ ከቢቸና ሃምሳ ኩንታል ጤፍ ጭና ያን ዳገት ሳትቆም ወጣች። የበሪሁንንም መኪና ቀደመች። ምንይሉ ጡሩምባውን እየነፋ በረንዳው ሲገባ ሾፌሮቹ ጋቢናውን ከበው መክፈቻዋን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በጣታቸው ነኩ። በሦስተኛው ቀን ከባህረዲን ደጅ አምስት መኪኖች ተሰለፉ። ከጎኑ ጋራዥ ያለውና ቀድሞ ከእርሱ ሥር ሥራ የተማረው ሰሚርም ብቅ እያለ ቱቦውን በዓይኑ ይለካ ጀመር።

የጎጃም ጫኞች ሚዛን አያውቁም። ልኬታቸው ጭነቱን ከሥር የሚሸከመው የተደራረበ ብረት፣ ባሌስትራው ነው፤ ተቆልምሞ የነበረው ብረት ቀጥ ብሎ ሲተኛ የጫኞቹ አለቃ «በቃ!» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ባለ ንብረቱ ቢለምንም ቢቆጣም አንድ ጆንያ አይወጣም። ይህ ልማድ በጽሑፍ የለም፤ ነገር ግን ከብዙ ሕግ ይልቅ ብዙ ሰው ያዳነ ልማድ ነው። አቶ ደመቀም ያውቁት ነበር። ስለዚህ ዓርብ ቀን፣ ባህረዲን ከአንዋር መስጊድ ሰግዶ ሲመለስ፣ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ባህሩ፣ እጅህ ይባረክ። ይቺ መኪና ሰባ ትችላለች። ጫኞቹ ግን ሃምሳ ላይ ባሌስትራው ተኛ እያሉ ያቆሙብኛል። ሁለት ብረት ደርብልኝ።»

«ጋሽ ደመቀ፣ እኔ ያጠነከርኩት ሞተሩን ነው። ፍሬኑን አልነካሁትም። ጋዙ ሽቅብ ያወጣል እንጂ ቁልቁል አይይዝልዎትም።»

«ፈረሱን አንተው ሰጥተኸኝ አትጋልብ ልትለኝ ነው?»

«ደጀን ላይ ያለው ቁልቁለት ጋሼ…»

«ልጄ አይደለም እንዴ የሚነዳው? ካንተ ይልቅ ለእርሱ የምሳሳ እኔ አይደለሁም?» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ካልደፈርክ ሰሚር አለ። ምን ቸገረኝ!»

አምስቱ ሾፌሮች ያዳምጡ ነበር። ሰሚርም እጁን እየጠረገ በሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ባህረዲን የሚያውቀውን ነገር ሁሉ አሁንም ያውቀዋል፤ ከዕውቀቱ አንዲት እንኳ አልጎደለችበትም። የጎደለው በሰው ፊት ትንሽ ሆኖ የመታየት ድፍረት ነው። ጎንበስ ብሎ መዶሻውን አነሣ። እስከ ማታ ሁለቱን ብረቶች ደርቦ ጨረሰ፤ ያለቀውንም ሲሊንደር በሙሉ ቀየረ።

በማግስቱ ጠዋት ምንይሉ ሊወስዳት ሲመጣ፣ የጎማውን ጎን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ጠየቀ፤ «ጋሼ፣ የፍሬኑን ሸራ አየህልኝ?»

«ስትመለስ እናየዋለን።»

«እሺ፣ ስመለስ።»

ቢቸና ላይ የጫኞቹ አለቃ ጆንያ ሲቆጠር ባሌስትራውን እያየ ቆመ። ስልሳ ላይ አልተኛም። ሰባ ላይ አልተኛም። የሚያውቀው ምልክት አልመጣምና «በቃ» የሚልበት ምክንያት አላገኘም። ሰባ አምስት ጆንያ ጫኑ።

መኪናዋ ደጀንን አልፋ ወደ ዓባይ ቁልቁል ስትወርድ ፍሬኑ ጋለ፤ ከዚያም ጨርሶ አልያዘም። ከኋላ ይመጣ የነበረው በሪሁን እንደተናገረው፣ ምንይሉ ሁለት ኩርባ በመሪ ብቻ አዙሯል። ሦስተኛው ኩርባ አልዞረለትም።

ባህረዲን ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ምን እንደሚል ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ነበር፤ ሽማግሌው ቢሰድቡት፣ ቢያስወጡት፣ በክስ ቢያስቀጡት፣ ሁሉንም ሊቀበል ቆርጦ ነው የገባው። አቶ ደመቀ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ነበር። አዩት። ዓይናቸው የደረቀ ነው።

«ባህሩ» አሉት በዝቅተኛ ድምፅ፣ «የደረብክልኝ ባሌስትራ አልተሰበረም አሉኝ።»

ስድብ አልነበረም፤ እንደ ሰሙት ነው የነገሩት። ከዚያች ዓረፍተ ነገር የሚከብድ ቅጣት በባህረዲን ላይ ሊፈርድ የሚችል ዳኛ አልነበረም።

ሣልስቱ ካለፈ በኋላ፣ ከስብርባሪው የተረፈውን ዕቃ በሪሁን ጭኖ ወደ ጋራዡ አመጣ። የታጠፈ በር፣ አንድ ጎማ፣ ያ ሲሊንደር። ባህረዲን ሲሊንደሩን ሊያነሣው ሞከረና ክብደቱ አስደነገጠው። ወዘወዘው። ሙሉ ነው። ሲሄድ መኪናዋ ባዶ ስለነበረች ምንይሉ ጭኖ በሚመለስበት ዳገት ሊከፍተው ጠብቆት ነበር፤ ምክሩን አንዲት ሳያጓድል ፈጽሟል። ከገደለው ጋዝ አንዲት ትንፋሽ እንኳ አልነደደችም።

«ሙሉ ነው አይደል?» አለ በሪሁን ከኋላው።

«ሙሉ ነው።»

በሪሁን የታጠፈውን በር ከግድግዳው አስደገፈ። «እንግዲህ እርሱ አንዴ ሄዷል፤ ነፍሱን ይማር። ለኔ ግጠምልኝ። ጌታዬ፣ ባለ መኪናው፣ ሁለት ብረትም ይደረብ ብሏል።»

«በሪሁን! በዓይንህ አይተህ?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እኔ ሃምሳ ብጭን፣ ሰባ የሚጭን ሌላ ሾፌር ጌታዬ አያጣም። ካንተ ይልቅ እኔ ነኝ የምፈራው ጋሼ። ግጠምልኝ።»

«አልገጥምም» አለ ባህረዲን። ከሳምንት በፊት ማለት የነበረበትን ቃል አሁን አለው፤ ቃሉም እንደ ዘገየ ዝናብ የሚያበቅለው አልነበረውም። ሲሊንደሩን ከጓዳ አስገብቶ ቆለፈበት።

በሪሁን ወደ ጋቢናው ወጥቶ መኪናውን አስነሣ፤ ከበረንዳው ሳይወጣ፣ አሥር እርምጃ ሳይሞላ ቆመ። የሰሚር ጋራዥ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ባህረዲን በሩን ዘግቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ከግድግዳው ማዶ መዶሻ በባሌስትራ ብረት ላይ ሲያርፍ ተሰማ። አመታቱን ያውቀዋል፤ ያስተማረው ራሱ ነው።