የብስኩት ማሽኑ ጥፋት

እትዬ ቫርኒሽ ስትቀባ መሃል ላይ ቆማ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ብሩሹ የጠረጴዛው ወገብ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። በመስኮቱ የገባው የጠዋት ብርሃን እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ ተጋድሞ፣ ጣውላዎቹ በተጋጠሙበት መስመር ላይ አንድ ነገር አሳያት። ጎንበስ አለች። ጉንጯ እንጨቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አንድ ዓይኗን ጨፍና በጠረጴዛው ፊት ላይ አሻግራ አየች። የዓይን ቅርጽ ያለው ስርጉድ ነገር። አለፍ ብሎ ሌላ። ከዚያም ሌላ። ሊጥ በአውራ ጣት ተጭነው የተዉት ይመስል በየመጋጠሚያው ተሰልፈዋል።

“ወይ አንቺ” አለች ለራሷ። “ወይ አንቺ ደንቆሮ።”

ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ አጋድማ ቆመች። ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ሰው የማያውቀውን ቢያጠፋ አላወቅሁም ይላል። እሷ ግን ይህን ጥፋት እንዳያጠፋ ታናሽ ወንድሟን ስትቆጣ፣ ስትመክር፣ አንዳንዴም መላጊያ ይዛ ስታባርር የኖረች ሴት ናት።

ብስኩት ይባል እንጂ የሚበላ ነገር አይደለም። ተጨምቆ የደረቀ ስስ የእንጨት ቁራጭ ነው። ማሽኑ የሁለት ጣውላዎችን ጠርዝ ትይዩ ለትይዩ ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ ኮላ ይገባና ብስኩቱ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይሰካል። ከዚያ ኮላውን ጠጥቶ ያብጣል፤ አብጦም ይነክሳል። ታዲያ እሱ ሲያብጥ ከላዩ ያለው እንጨት አብሮት ቀና ይላል። ያልታገሰ ሰው ያንን እብጠት ልጎና አለስልሶ ያስተካከለ ይመስለዋል። ብስኩቱ ሲደርቅና ሲከሳ ግን የተላገው ቦታ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ለዚህ ነው እትዬ ጣውላ በተጣበቀ ቁጥር ዕለቱን ከጀርባው በእርሳስ የምትጽፈው። ጊዜው ሳይደርስ ማንም አይነካውም። ወንድሟ “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የሚለውን ተረት ከአፏ ስለጠገበው፣ ሥራ ቤቱ በር ላይ በታርጋ እናስለጥፈው ይላታል።

እየፈራች እጇን ከጠረጴዛው ሥር አስገብታ ዳበሰች። ጎንበስ ብላም አየች። ባዶ ነው። ዕለቱን አልጻፈችም። ያልጻፈችው ረስታ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው ወንድሟ አዲስ ማሽን ይዞ የመጣ ቀን ነው። አዲሱ ማሽን ጣውላውን ጠለቅ አድርጎ ይበሳና እንደ አውራ ጣት የወፈረ የእንጨት ምላስ ይሰካበታል። ጥሩ ማሽን ነው፤ እሷም ጥሩ አይደለም አላለችም። ወንድሟ ግን የአዲሱን ጥሩነት ለመናገር የአሮጌውን መጥፎነት መናገር ያለበት ይመስለዋል። ብስኩት ጥንካሬ አይጨምርም፣ ጠርዝ ለጠርዝ ለሚጋጠም ጣውላ ኮላው ብቻ ይበቃል፣ ዛሬ በብስኩት የሚሠራ የለም፣ ብስኩቱን ራሱን የሚሸጥ ሱቅ እንኳ ጠፍቷል እያለ ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ ይደረድርላታል። ሐሳቡ አሮጌውን ማሽን ለሚያውቁት መዝጊያ ሠሪ ሸጦ፣ የጠረጴዛ መሥሪያ ባንኮዋንም አንስቶ፣ በቦታው የችፑድ መቁረጫ መትከል ነው። እትዬም ከችፑዱ ጋር ትሠራለች ማለት ነው። ጠረጴዛ ግን አትሠራም።

ጥንካሬ አይጨምርም ያለው እውነት ነው። እትዬም ለጥንካሬ ብላ ተጠቅማበት አታውቅም። ኮላ የተቀባ ጣውላ እንደ ሳሙና ነው፤ ማጣበቂያው ሞርሳ ሲጠብቅ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይሸሻል። አባታቸው በሕይወት ሳሉ ሌላኛውን ጫፍ እሳቸው ይይዙ ነበር። እሳቸው ካለፉ ወዲህ ወንድሟ ከፊት ለፊት ከደንበኛና ከስልክ ጋር ነው፤ ጫፍ የሚይዝላት የለም። ብስኩቶቹ ግን ጣውላዎቹን ልክ ለልክ አድርገው ይይዙላታል። ሦስተኛ እጇ ናቸው። ይህን ለወንድሟ እንዲህ አድርጋ ነግራው አታውቅም፤ ብትነግረው ልመና ይመስልባታል።

በመጨረሻ ተዋዋሉ። አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ያዘዙት ትልቁ የምግብ ጠረጴዛ በብስኩት ይሠራ። ያለ እንከን ከወጣ ማሽኑም ባንኮውም ይቀራሉ፤ ማሽኑ ካበላሸው ግን መዝጊያ ሠሪው መጥቶ ይወስደዋል፣ እትዬም ትንፍሽ አትልም። ከዚያ ዝናብ ሆነ፣ መብራት ጠፋ፣ ቀን ተበላ፤ ማስረከቢያው ደግሞ ቅዳሜ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው ጣውላዎቹን ያጣበቀችው። ሐሙስ ማለዳ፣ ወንድሟ ሳይገባ ቀድማ ገብታ ሞርሳውን ፈታች፣ በማለስለሻ ማሽንም ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። በእጇ ስትዳብሰው እንደ መስታወት ነበር። ወንድሟ ቀን እንዳይቆጥርባት ብላ ከጀርባው ምንም ሳትጽፍ ተወችው።

በሩ ተከፈተና ወንድሟ ገባ። ክንዱ ላይ ትልቅ የማሸጊያ ፕላስተር አጥልቋል። የብስኩቱን ማሽን ትናንት ማታ በካርቶን አድርጎ በሩ አጠገብ አስቀምጦት ነበር። ለምን ብላ ስትጠይቀው “ለማንኛውም ብዬ ነው” ነበር ያላት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ብላው ነበር።

ዛሬ ግን ጠረጴዛውን ሲያይ ፕላስተሩን አውልቆ መደርደሪያ ላይ ወረወረው። ፊት ለፊት ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየው። የእንጨቱን ቀለም አደነቀ፤ መጋጠሚያው የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም አለ። ከአፉ ምስጋና እንደ ጥርስ ተነቅሎ የሚወጣ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ሳይጠየቅ አወጣው።

“በቃ እትዬ፣ አሸንፈሽኛል” አለ። “ለመዝጊያ ሠሪው ደውዬ አትምጣ እለዋለሁ። አስተማሪዋም ከምሳ በኋላ መኪና ይዘው ይመጣሉ።”

እትዬ ቀና ብላ ጠረጴዛውን አየችው። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ምንም አይታይም። አስተማሪዋም ያለ መነጽር የራሳቸውን ጣት አይቆጥሩም። ጠረጴዛው ጨርቅ ይለብሳል፣ ሳህን ይደረደርበታል፣ ማን ጉንጩን ከእንጨት ጋር አጣብቆ ያየዋል? ዝም ብትል ማሽኑ ይቀራል፤ ባንኮዋም ይቀራል። ወንድሟ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አየችው። ተናደደች። በእሱ ይሁን በራሷ እሷም አልለየችውም።

“ና ወዲህ” አለችው። “ጎንበስ በል። እንደሱ አይደለም፣ ዝቅ በል። ወደ መስኮቱ እይ።”

ጎንበስ አለ። መጀመሪያ አላየም። ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ። ቀና ብሎ እሷን አየና ተመልሶ ጎንበስ አለ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ብስኩቶቹ ናቸው።”

ወንድሟ እንደገመተችው አልፎከረም። ቢፎክር ይሻላት ነበር። ይልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊያጽናናት ጀመረ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ እጅሽ ምንም አይወጣለትም፣ ያ አሮጌ ማሽን ነው ያዋረደሽ፣ እኔም ስልሽ የነበረው ይህንኑ ነው አላት። ክፉ ቃል አንድም አልነበረበት። ከእሷ የሚፈለገው ራስን መነቅነቅ ብቻ ነው። ራሷን ብትነቀንቅ ስሟ አይነካም፤ ወንድሟም እስከ ዛሬ የሰማውን ተግሣጽ ሁሉ እውነት እንደነበር ይዞ ይቀጥላል። ማሽን አፍ የለው፣ አይከራከር።

“ለአስተማሪዋ እኔ ልደውልላቸው” አለ ወንድሟ፤ ወዲያውም ደወለ። ሰላምታውን አርዝሞ፣ ጤናቸውን ጠይቆ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት አዳርሶ ወደ ነገሩ ገባ። “እንግዲህ እማማ፣ ትንሽ ችግር ገጥሞን ነበር። አንድ የቆየ ማሽን አለን፣ እሱ ነው…”

እትዬ ስልኩን ከጆሮው ላይ ወሰደችው። እጇ ላይ የነበረው ቫርኒሽ ስልኩን ነካው።

“እማማ፣ እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ዛሬ አይደርስም። ማሽኑ አይደለም ያበላሸው፤ እኔ ነኝ። ሳይደርቅ አለሰለስኩት። ቸኩዬ ነው።”

አስተማሪዋ የድሮውን ጠረጴዛ ለጎረቤት ሰጥተው፣ ይኸው ስንት ቀናቸው ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው የሚበሉት። ነገ ደግሞ ልጆቻቸው ከያሉበት ይሰበሰባሉ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯት። አልጮኹም፤ ክፍል ውስጥ ያረፈደ ተማሪ የሚያናግሩ ይመስል ነበር።

“እኔ እኮ አንቺ ጋ የመጣሁት አትቸኩልም ስላሉኝ ነው፣ ልጄ” አሏት በመጨረሻ።

“ልክ ነዎት።”

“እና መቼ ነው የሚያልቀው?”

“ሲደርቅ፣ እማማ። ከረቡዕ በፊት አልነካውም።”

አስተማሪዋ እሺ አሉ፤ እሺታቸው ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ ጎረበጣት። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። እትዬ ስልኩን ለወንድሟ መለሰችና ከመደርደሪያው ሥር የቀለም ማቅጠኛውን የአኳራጅ ጠርሙስ ጎትታ አወጣች። ጨርቅ አርሳ ገና ያልደረቀውን ቫርኒሽ መጥረግ ጀመረች። በጠዋት በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ የቀባችው በጥቁር ጨርቅ ተጠርጎ ወጣ። ክንዷን እየወጠረች ጠረገችው። ሽታው አፍንጫዋን ሰነፈጣት፤ ዓይኗም አለቀሰ፤ ያ ከአኳራጁ ነበር እንበል።

ወንድሟ ስልኩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ያያታል። እህቱ አጠፋሁ ስትል በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። አባታቸው እንኳ ይህችን ልጅ አጥፍቻለሁ ከማሰኘት ዝግባን በጥርስ መቁረጥ ይቀላል ይሉ ነበር።

“የቸኮለ…” ብሎ ጀመረና ዋጠው።

“ጨርሰው።”

“ተዪው።”

“ጨርሰው እንጂ። ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ፣ አንዴ ብትነግረኝ ምን አለበት?”

“አፍሶ ለቀመ” አለ ቀስ ብሎ። እሱም አልሳቀ፣ እሷም አልሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን ጀርባ አየ፤ ጽሑፍ እየፈለገ እንደሆነ ገባት። ባዶ መሆኑን አየ። ባዶውን ጣውላ በጣቱ ዳስሶ ቀና አለ። ምናልባት ለምን ባዶ እንደሆነ ገብቶታል፤ ምናልባትም ቀን ይቆጥርባት የነበረው እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ ብሎታል።

ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ። መዝጊያ ሠሪው ነው፤ እንደ ልማዱ ሳይወርድ ከመሪው ላይ ሆኖ ይጣራል። ወንድሟ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ካርቶኑ አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ።

“እንግዲህ ውላችን…” አለ፤ ግን የሚያስገድድ ሰው ድምፅ አልነበረም፣ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነው። “ያለ እንከን ከወጣ ነበር ያልነው። አልወጣም።”

“ማሽኑ ካበላሸው ይሄዳል ነበር ያልነው” አለችው። “ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የግድ የሚሸጥ ነገር ካለ እኔን ሽጠኝ።”

“አንቺን ማን ይገዛሻል እትዬ?”

“እሱን ጠይቀው፤ ይኸው በር ላይ ነው።”

ወንድሟ አሁን ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስም እንደገና ወደ ካርቶኑ አየ። ገና አልወሰነም፤ ችፑድ መቁረጫው ዓይኑ ላይ አለ። ያ ሐሳብ በአንድ ጠዋት እንደማይለቀው እትዬም ታውቃለች። ነገ ከነገ ወዲያ መልሰው ይጨቃጨቃሉ። ለዛሬ ግን ጨርቁን ጥላ፣ ከጆሮዋ ጀርባ እርሳሷን መዘዘች። በየጣውላው ጀርባ ትጽፈው የነበረውን አሁን በፊቱ፣ በጠረጴዛው መሃል፣ ከበሩ የሚገባ ሁሉ በሚያነበው ትልቅ ፊደል ጻፈችው፤ ለማንኛውም ይፋቃል። “ረቡዕ ተጣበቀ። እስከሚመጣው ረቡዕ እንዳይነካ።” ከሥሩም ያጠፋው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ “እትዬ” ብላ ጨመረችበት።

ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። እትዬ እርሳሱን እንደያዘች ወደ በሩ ሄደች፤ ካርቶኑ አጠገብ ተንበረከከችና ክዳኑ ላይ ያንኑ የመጨረሻ ቃል ጻፈች።

“እንዳይነካ።”

ቀና ስትል ወንድሟ ከጎኗ ቆሟል። “ሂድና ንገረው” አለችው፤ “ስትመለስ ደግሞ የጠረጴዛውን ያንን ጫፍ ትይዝልኛለህ። ከመስኮቱ ላርቀው ነው፣ ፀሐዩ በአንድ በኩል ብቻ እንዳያደርቀው።”

ወንድሟ ካርቶኑን ሳይነካ በሩን ከፍቶ ወጣ።