የማታው ኪኒን

ባሌ እሸቱ ሃያ ዓመት መኪና ሲነዳ የሰው ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራው ሌላ ስለሆነ ነው። ከነቀምቴ ዲጋ በሚኒባስ ይመላለስ ነበር። ቤቱ ውስጥ ጨው የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰውዬ የዚያን መንገድ ጉድጓድ አንድ በአንድ ያውቀው ነበር።

ሕመሙ የጀመረው አምና ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው፤ እኛም አሜባ ነው እያልን ወራት ባከንን። በኋላ ዶክተር ፌኔት መርምራ የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው አለች። ታክሞ ድራሹ የሚጠፋ ሳይሆን ሲነሣና ሲበርድ አብሮት የሚኖር በሽታ መሆኑንም ነገረችን። ሲነሣበት ሌሊት ስድስት ሰባት ጊዜ ወደ ጓሮ ይወጣል። እሱ ሲነሣ እኔም እነቃለሁ፤ ሁለታችንም ሳንተኛ ይነጋል።

ጥር ላይ አዲስ ኪኒን ታዘዘለት። ማሸጊያው ላይ ዶክተሯ በእጇ «ጠዋት፣ ከምግብ ጋር» ብላ ጻፈችበት። በራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ ቀስ በቀስ እኔ እቀንሰዋለሁ አለች። በሁለት ሳምንት ደሙ ቆመ። አንድ ሌሊት ሲያንኮራፋ ሰምቼ በደስታ አለቀስኩ። የባሏ ማንኮራፋት በደስታ ያስለቀሳት ሴት ከእኔ ሌላ መኖሯን እንጃ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

የንስሐ አባታችን መምሬ ተክለጻድቅ «ልጄ፣ አንተ ሕመምተኛ ነህ፤ ብላና መድኃኒትህን ዋጥ» ብለውታል። እሱም እሺ ብሎ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ ከጎጃም መጥተው እዚህ የሰፈሩ ሰው ናቸው፤ በሰማንያ ዓመታቸው አንዲት ቀን ሳያጓድሉ ጾመው ነው የሞቱት። ባሌ በሁዳዴ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ሲገምጥ ጎረቤት እንዲያይብኝ አልፈለግሁም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ጾሙ ራሱ ይፈውሰዋል ብዬ አምኜ ነበር።

«ኪኒኑስ?» አለኝ።

«ማታ እህል ስትቀምስ ትውጠዋለህ።»

«ጠዋት ነው እኮ የተባለው።»

«ዋናው ከምግብ ጋር መሆኑ ነው። ኪኒን ሰዓት ያያል እንዴ?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ሆዱ ሰላም ነው፣ ደም የለም፣ ወደ ጓሮም አይወጣም፤ ግን ዓይኑ አይከደንም። ጣራውን እያየ ያነጋል። በሽታው መልኩን ቀይሮ የመጣ መሰለን። ጸበል አምጥቼ አልጋውን ረጨሁ። መናኸሪያ ሲደርስ ተሳፋሪው «አካም ቡልተን፣ ኦቦ እሸቱ?» ይለዋል፤ እንዴት አደሩ አቶ እሸቱ ማለታቸው ነው። እሱም «ናጋ» ይላል፣ ሰላም ነው። ሌላ ምን ይበል? እንዴት አደርክ የሚል ሰው ቆሞ መልስ አይጠብቅም።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ማታ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«በዛብሽ፣ ዛሬ ከዲጋ ስመለስ ድልድዩን መቼ እንዳለፍኩት አላውቅም» አለኝ።

«ጾሙ ተጋምሷል፤ ትንሽ ቻለው» አልኩት።

ቻለው። ስድስት ቀን ቻለው።

በሰባተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መሪ ላይ እንቅልፍ ጣለው። ገቢና አጠገቡ የተቀመጠው ልብስ ሰፊው አቶ ጫንያለው ነበር። ስለ ልጁ ሠርግ እያወራው ዞር ሲል የእሸቱ ዓይን ተከድኗል። መሪውን ሊይዝለት እጁን ሰደደ፤ መኪናው ግን ቦይ ገብቶ በጎኑ ተኛ። ነፍስ አልጠፋም፣ ተመስገን። የጫንያለው ቀኝ እጅ ግን ተሰባበረ፤ ከእንግዲህ መቀስ አይጨብጥም ተባለ። የእሸቱን መንጃ ፈቃድ ትራፊክ ፖሊስ ወሰደው።

በሳምንቱ የሆስፒታል ቀጠሮ ነበረን። ዶክተር ፌኔት እንደ ሰው ሁሉ «አካም ቡልተን?» አለችው፣ እሱም እንደ ልማዱ «ናጋ» አላት። እሷ ግን ፊቱን አየችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እሱን አይደለም የምጠይቅዎት። ሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛሉ?»

«አልተኛም።»

«ኪኒኑን መቼ ነው የሚወስዱት?»

«ማታ።»

ዶክተሯ ግንባሯን ያዘች። «ኦቦ እሸቱ፣ ይህ መድኃኒት ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። ጠዋት ብዬ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ማን ነው ማታ ያለዎት?»

ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። እሸቱ ወደ እኔ አልዞረም።

«ማንም። በራሴ ነው» አለ።

«አዴ በዛብሽ፣ እርስዎስ አይነግሩትም?» አለችኝ።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ግን «ምን ላድርግ ዶክተር፣ እሱ እኮ ሰው አይሰማም» አለ።

ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም። ብቻ አየኝና የኮቱን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ።

አሁን ኪኒኑን በጠዋት ከዳቦ ጋር እሰጠዋለሁ፤ ረቡዕም ዓርብም። በአራተኛው ቀን እንቅልፉ ተመለሰ። ቀን በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፉትን ሚኒባሶች በጥሩምባቸው ይለያል፣ የማን እንደሆኑ ይነግረኛል። እሑድ እሑድ ጫንያለውን ሊጠይቅ ይሄዳል። ሰውየው ሰላምታውን ይቀበለዋል፣ ሌላ ቃል ግን አይጨምርለትም። ከተማው ሰው የማይሰማ ሾፌር ይለዋል፤ ቃሉ የእኔ ነው፣ ለጠየቀኝ ጎረቤት ሁሉ ደግሜዋለሁ። ጫንያለው ዘንድ አብሬው ሄጄ አላውቅም። እግሬን ያመኛል እላለሁ።

ሌሊት እሱ ያንኮራፋል፣ እኔ ጣራውን አያለሁ። ሲነጋ ተነሥቶ «እንዴት አደርሽ?» ይለኛል። ድሮ እንዲህ ብሎኝ መልሴን ሳይሰማ ይወጣ ነበር። አሁን የሚሄድበት የለውም፤ ፊቴን እያየ ቆሞ ይጠብቃል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ፣ ዳቦውንም እቆርስለታለሁ።