ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው

ወንድሜ ዲግሪ አለው። እኔ ሁለት የሙያ ሰርተፊኬትና የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ አለኝ። ሥራ ግን ሁለታችንም የለንም። እሱን «ልምድህ የታለ?» ይሉታል፤ እኔን «ዲግሪሽስ?» ይሉኛል። ልምድ ለማግኘት ሥራ፣ ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል። ይህን ያወጣውን ሰው ባገኘው የምጠይቀው ነገር ነበረኝ፤ በጥያቄ ብቻም አልለቀውም።

እናታችን ወንድሜን ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ «ኢንጂነሩ» ትለዋለች። እኔን «ጠጋኟ» ትለኛለች፤ ኮምፒውተር እጠግንበት የነበረው ሱቅ ከተዘጋ በኋላም ስሙ አልለቀቀኝም። እሷ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ጉልበቷ አብጦ ሐኪሙ «ከውኃ ይራቁ» ካላት ቆየ። «ከሁለት አንዳችሁ ሥራ ስትገቡ በማግስቱ እተዋለሁ» ትላለች። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በጨርቅ ስታስር ሳያት ፊቴን አዞራለሁ።

አንድ ድርጅት ለኮምፒውተር ክፍሉ ሰው ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። መስፈርቱ ዲግሪና የሦስት ዓመት ልምድ ነው።

«ሁለታችን ብንደመር አንድ ሙሉ ሰው ይወጣናል» አልኩት ወንድሜን።

«ማጭበርበር ነው» አለ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። ሥራውን ያዝ እንጂ የማታውቀውን እኔ አስተምርሃለሁ።»

«ምንም አላውቅም ማለት ነው?»

ላፕቶፑን ከፍቼ ማመልከቻውን መሙላት ጀመርኩ። መልሴ «አዎ» እንደሆነ ገብቶታል፤ አንገቱን ደፋ። የእኔን ልምድ በእሱ ስም ሞልተን ላክን። ከድርጅቱ ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ እንደሆነ ሲነገረን እናታችን አንዷን ሸሚዙን ደጋግማ ተኮሰችለት።

ከሱቁ የተረፈኝ አንድ አሮጌ ስክሪን ነበረኝ። ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ከካሜራው ጀርባ አቆምኩት። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ በስልኬ የምጽፈው ሁሉ እዚያ ላይ በትልልቁ ይወጣል፤ እሱ ካሜራውን የሚያይ እየመሰለ ያነባል። እናታችንን ከበሩ መጋረጃ ወዲያ፣ ግቢው ውስጥ አስቀመጥናት። «ኢንጂነሩን ላግዘው ነው የምገባው» አልኳት፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም።

የደወለችው የክፍሉ ኃላፊ ነበረች። ረጋ ያለ ድምፅ አላት፤ መረጋጋቷ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

«አንድ ፎቅ ላይ ያሉ ሠራተኞች ኢንተርኔት ተቋረጠብን ብለው ደወሉልህ እንበል» አለችው። «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«መጀመሪያ እጠይቃቸዋለሁ» አለ ወንድሜ። «ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት የተነካ ነገር እንዳለ። ቀጥሎ ሌላው ፎቅ…»

ደሜ ፈላ። ሥራ ቆሞ፣ ሰው እያጉረመረመ፣ ይሄ ልጅ ወሬ ይጠይቃል! ጣቴ ስልኩ ላይ ሮጠ። «ወሬውን ተው። የፎቁን መስመሮች የሚያገናኘውን ሳጥን እፈትሻለሁ በል» ብዬ ጻፍኩለት።

ወንድሜ ንግግሩን ከመሃል ቆርጦ የጻፍኩትን አነበበ። መምህር ፊት ቆሞ ምንባብ የሚያነብ ተማሪ መሰለ።

«ስለ ሌላው ፎቅ ልትል የነበረው ነገር ነበር» አለች ኃላፊዋ።

«አይ… ሳጥኑን ነው የምፈትሸው።»

«እሺ። እስቲ ስክሪንህን አጋራኝና አንድ ነገር አብረን እንሥራ።»

ይህ እንደሚመጣ አውቄ ነበር። «የላፕቶፑን ብቻ አጋራ፣ ሌላኛውን እንዳትነካ» ብዬ አለማምጄዋለሁ። ወንድሜ ግን ሲደነግጥ እጁ ከአእምሮው ይቀድማል። እኔ ደግሞ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ የሚታየኝ የሚንቀጠቀጠው እግሩ ብቻ ነው። አሳዘነኝና ጻፍኩለት።

 ከዚያ ያ የተረጋጋ ድምፅ የእኔን ቃል ሲያነብ ሰማሁ።

«‹ላብህን ጥረግ። አትፍራ። እኔ የምጽፍልህን ብቻ አንብብ።›» ኃላፊዋ አንብባ ስትጨርስ፣ «የሚጽፈው ማነው?» አለች።

መደበቅ ዋጋ አልነበረውም። ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ ካሜራው ፊት ቆምኩ።

«እህቱ ነኝ። ልምዱ የእኔ ነው፤ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰርተፊኬትም አለኝ። አሁኑኑ ይፈትኑኝ፣ የፈለጉትን ይጠይቁኝ። እባክዎ።» ለማንም እንዲህ ለምኜ አላውቅም።

«ዲግሪስ?»

«የለኝም።»

«ያለ ዲግሪ የመጣ ማመልከቻ እኔ ጋ አይደርስም። ቢደርስም አልቀጥርሽም፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። «የሚገርምህ፣ መጠየቅ ስትጀምር ወድጄው ነበር። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው ወደ ዕቃው የሚሮጠው። አሁን ግን አንተንም መውሰድ አልችልም።»

ስክሪኑ ጠቆረ።

ወንድሜ ቢሰድበኝ እወድ ነበር። እሱ ግን ጠረጴዛውን እያየ፣ «ሌላው ፎቅ ይሠራል ወይ ብዬ ልጠይቅ ነበር» አለ። «ከሠራ ችግሩ እዚያው ፎቅ ሳጥን ላይ መሆኑ ይታወቃል።»

እኔ ካልኩት ቦታ በራሱ መንገድ ሊደርስ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። «ይቅር በለኝ» ልለው አፌን ስከፍት መጋረጃው ተገለጠ።

እናታችን ከግቢ ነበር የገባችው። ስልኳ በአንድ እጇ፣ የጉልበቷ ማሰሪያ ጨርቅ በሌላው እጇ አለ። ፊቷ እንዲህ በርቶ ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

«ሰምቻችኋለሁ» አለች። «ቃሉን ባልለየውም ድምፃችሁን ሰማሁ። መጀመሪያ እሱን አነጋገሩ፣ ቀጥሎ አንቺን። ለካ የሚፈልጉት ሁለት ሰው ኖሯል።»

«እማዬ…» አልኩ።

«ቆይ፣ ልጨርስ። ለማጥብላት ሴትዮ ደወልኩላት። ልጆቼ ሥራ ገብተዋል፣ ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት። እሷስ መች አንገራገረች፤ የእህቷ ሠራተኛ ሥራ ስትጠይቃት ከርማ ኖሮ ወዲያው እጠራታለሁ አለችኝ።» አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ዘረጋች። «በሉ ንገሩኝ፣ መቼ ነው የምትጀምሩት?»

ወንድሜ ምን እንደሚላት እንድነግረው ወደ እኔ ዞረ።