ብቻውን የቀረው ቤት

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ቤት ከቤት ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ነው የሚቆመው። ኤረር በር አጠገብ የነበረው የዩሱፍ ቤትም አባቱ ከሠሩት ጀምሮ ግራና ቀኙን ተደግፎ ኖረ። ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የቀኙ ጎረቤት ሙሳ ቤቱን ሸጦ ድሬዳዋ ገባ፤ ገዢው አፍርሶ ድንጋዩን አስጭኖ ወሰደው። የግራው አንድ ክረምት በዝናብ ወደቀ። የዩሱፍ ቤት በሁለት ባዶ ቦታዎች መካከል ብቻውን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ዘይነባ እንቅልፍ አጣች። ጣሪያውን የተሸከሙት ወጋግራዎች ሲንቋቁ ትሰማለች። ጠዋት ነደባው ላይ፣ እንግዳ በሚቀመጥበት ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ደቃቅ አፈር ታገኛለች። ትጠርገዋለች፤ በማግስቱም አለ።

«ቤቱ እየተናገረ ነው» አለችው።

ዩሱፍ ሳቀ። «ምን አለሽ? ለሠርጉ ስንት በግ ታርዳላችሁ አለሽ?»

ልጃቸው አሚና ልትዳር ነው። ዩሱፍ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እህቶቹ ከተዳሩበት ከአባቱ ቤት ልጁም እንድትወጣ። ዘይነባ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ከዚያ ጣሪያ ሥር ሲቀመጥ ማየት ፈራች። ፊት ለፊት የሚኖሩት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጭንቀቷን አይተው ዩሱፍን ለመኑት።

«እኔ ግቢ ዳስ ጣሉ። አርዳችሁ የምታመጡት እናንተው፤ እኔ ጠጄን እደብቃለሁ።»

«እትዬ ተናኘ፣ ሰው ምን ይላል? በአባቱ ቤት አፍሮ ነው አይልም?»

የጀጎል ጣሪያ አፈር ነው። ድሮ ክረምት ሳይገባ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አሮጌውን ይፍቃል፣ አዲሱን ይጠቀጥቃል። ዩሱፍ ጎረቤት ሲያጣ መፋቁን ተወው። በአሮጌው ላይ አዲስ ብቻ ይጨምር ጀመር፤ በየዓመቱ።

የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ሰማዩ ጠቆረ። ዩሱፍ እንግዶቹ ላይ እንዳያፈስ ብሎ አፈር በቅርጫት ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። ታች ሴቶቹ ነደባው ላይ አሚናን ከበው ሂና ይቀቧታል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ነበር፤ ያላገባች ልጅ ያለበት ቤት ምልክት ነው፣ ስትዳር ይወርዳል። ዘይነባ በርጩማ ላይ ቆማ አወረደችው።

ከምንጣፉ ኋላ ግድግዳው ተሰንጥቋል። እጅ እስከ አንጓ ያስገባል። በስንጥቁ የውጭ ብርሃን ይታያል።

«ውጡ! ውጡ ከቤት!»

ሴቶቹ እየተጋፉ ወጡ፤ አሚና ሂናው ሳይደርቅ፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ። ዘይነባ ምንጣፉን እንዳቀፈች መንገዱ ላይ ቆማ ጮኸች።

«የአሚና አባት፣ ውረድ! ግድግዳው ተሰንጥቋል!»

«አንድ ቅርጫት ቀረኝ!»

«በአላህ ይዤሃለሁ፣ ተወው!»

«እንግዶችሽን ዝናብ ያርጥብልሽ?» አለና መጠቅጠቂያውን አነሣ። ድው። ደግሞ ድው። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ከእሱ እጅ አልነበረም።

አቧራው መንገዱን ሸፈነ። ሲገፈፍ፣ ቤት በነበረበት በኩል የኤረር ሜዳ ወለል ብሎ ታየ።

ሰፈሩ አፈሩን በእጁ ዛቀ፤ ዩሱፍ ራሱ ተሸክሞ ያወጣውን አፈር። ሲያገኙት ጀንበር አዘቅዝቃለች። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ምንጣፉን ከዘይነባ እቅፍ ቀስ ብለው ወሰዱና ግቢያቸው ውስጥ ዘረጉት። እዚያ ላይ አሳረፉት።

ዳስ ሊጣልበት የነበረው ግቢ ለቀስተኛ ሞላው።